የጀልባ ኤር ኮንዲሽነር፦ ከመግዛትዎ በፊት ጄነሬተሩን ያስሉ

በጣና ሐይቅ ቱሪስት ለማመላለስ ዝግ ክፍል ያለው ጀልባ የሚያሠራ ባለሀብት ከኤር ኮንዲሽነሩ ዋጋ አስቀድሞ ኃይሉን ሊያስብበት ይገባል። ለአነስተኛ ክፍል የሚበቃው ባለ 12,000 ቢቲዩ መሣሪያ ሲሠራ 1 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ ሲነሳ ግን ለቅጽበት የዚህን ብዙ እጥፍ ይጠይቃል። በባትሪ ይሁን ቢባል፣ ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ ከግማሹ በላይ ቢራገፍ ስለሚጎዳ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም።

ስለዚህ ጄነሬተር ግድ ነው። ሒሳቡ የሚሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ 3 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል፤ ጣና ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ሻጩ “3 ኪሎዋት” ያለው እዚያ 2.5 ያህል ቢሰጥ ነው። በሐይቁ ውሃ የሚቀዘቅዘውን ዓይነት የመረጠ ደግሞ እምቦጭ የውሃ ማጣሪያውን እንደሚደፍን አይርሳ፤ ማጣሪያው በእጅ የሚከፈት ካልሆነ ባይገዛው ይሻላል።