የዮሐንስ ቅጠል እና ድባቴ

በአውሮፓ ሜዳዎች የምትበቅለው የዮሐንስ ቅጠል (ሃይፐሪከም ፐርፎራተም) ቢጫ አበባዋን የምታወጣው በሰኔ፣ አውሮፓውያን የመጥምቁ ዮሐንስን ልደት በሚያከብሩበት ሰሞን ነው። ጀርመኖች በዮሐንስ ስም የሚጠሯትም ለዚህ ነው። ቅጠሏን ወደ ብርሃን አንሥተው ቢያዩት በመርፌ የተበሳሳ ይመስላል፤ እምቡጧን በጣት ቢያሹት ቀይ ጭማቂ ይወጣዋል።

በውስጧ ያለው ሃይፐርፎሪን የተባለ ውህድ የነርቭ ሕዋሳት የለቀቁትን፣ ከስሜት ጋር የተያያዘውን ሴሮቶኒን የተባለ ኬሚካል መልሰው እንዳይወስዱት ያግዳል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ 29 ጥናቶችን መርምሮ፣ ከተክሏ የተዘጋጀው መድኃኒት ከማስመሰያ ክኒን የተሻለ፣ ከተለመዱት የድባቴ መድኃኒቶች ጋር የተቀራረበ ውጤት ማሳየቱን ገልጿል።

ሆኖም ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ተክሏ ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለምታነሣሣ የእርግዝና መከላከያ ክኒንን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪንንና አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችን ታዳክማለች። ከሌላ የድባቴ መድኃኒት ጋር ከተወሰደችም ሴሮቶኒን ከመጠን አልፎ ለአደጋ ሊዳርግ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ሳያማክሩ መውሰድ አይገባም።

በስሜንና በባሌ ተራሮች የሚበቅለው አሜጃ የዚህች ተክል ዘመድ ነው። እነዚህ ጥናቶች ግን የተካሄዱት በእሷ ላይ እንጂ በአሜጃ ላይ አይደለም፤ አንዱ በሌላው ምትክ አይወሰድም።