ለልጅ የመጀመሪያ ዓሣ የትኛው ዘንግ ይሻላል?

የመካነ ሰላም ልጅ ዓባይን የሚያውቀው ከላይ ሆኖ ነው። ከተማችን ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ወንዙ ደግሞ በምዕራብ በኩል ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ከገደሉ ሥር ይፈስሳል። ስለዚህ በእኛ አገር ዓሣ ማጥመድ እንደ ባሕር ዳር ሰው ከቤት ወጣ ብሎ ክር መወርወር አይደለም፤ ቆላ መውረድ ነው። ወባ አለ፣ አዞ አለ፣ ጉማሬ አለ፣ ክረምት ላይ ደራሽ ጎርፍ አለ። ልጆቻችን ይህን ሁሉ እየሰሙ ያድጋሉ፤ እንደዚያም ሆኖ መውረዳቸው አይቀርም። የሚነግሩን ከተመለሱ በኋላ ነው፣ እሱም ከነገሩን።

የ12 ዓመቱ ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ልውረድ ብሎ ሲጠይቀኝ እምቢ ማለት ቀላል ነበር። ነገር ግን ዛሬ እምቢ የተባለ ልጅ ነገ ሳይጠይቅ እንደሚሄድ የማያውቅ ወላጅ የለም። «እኔው እወስድሃለሁ» አልኩት። ወሬው ፊላደልፊያ ላለው አጎቱ ደረሰና ሰው ሲመጣ አንድ ረጅም ቱቦ ላከልን። ውስጡ በአራት የሚገጣጠም ዘንግ፣ የክር መጠቅለያና በላባ የተሠሩ ዝንቦች የሞሉበት ትንሽ ሳጥን ነበር።

አጎቱ በሚኖርበት ከተማ የደላዌር ወንዝ ያልፋል። በፈረንጆቹ ኤፕሪልና ሜይ ሻድ የሚባል የባሕር ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ ወንዙን ሽቅብ ይወጣል። ሻድ የሰርዲን ዘመድ ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ይመዝናል። ወንዝ ከገባ በኋላ እምብዛም አይበላም፤ ቢሆንም ደማቅ ቀለም ያለው ትንሽ ነገር ፊቱ ሲያልፍ ይነክሳል። የእኛዎቹ የጣና ባርባሶችም እንዲሁ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው በጉማራና በርብ ወንዞች ሽቅብ የሚወጡት ለመራባት ነው። የሚያሳዝነው፣ መንገዳቸው ላይ መረብ ዘርግቶ ወይም የተፈጨ የብርብራ ፍሬ በትኖ የሚጠብቃቸው መኖሩ ነው። እንቁላል የያዘችን ዓሣ በመርዝ መግደል የከርሞውን ዘር መጨረስ ነውና ልጅ ዓሣ ማጥመድ ሲማር ይህንንም አብሮ ቢሰማ እላለሁ።

ወደ ዘንጉ ልመለስ። በተለመደው ማጥመጃ ክሩን ወደ ሩቅ የሚወስደው ጫፉ ላይ የታሰረው እርሳስ ነው። የላባው ዝንብ ግን ክብደት ስለሌለው የሚወረወረው ራሱ ወፍራሙ ክር ነው። ለዚህ ሲባል ዘንጉም ክሩም ቁጥር አላቸው፤ ባለ 7 ዘንግ ባለ 7 ክር ይፈልጋል። ሁለቱ ካልተጣጣሙ ክሩ እግር ሥር ይከመራል። ለሻድ ከ6 እስከ 8 ቁጥር፣ 2.7 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ዘንግ ይመረጣል። ዓሣው ከወንዙ ወለል ብዙም ስለማይርቅ የሚሰምጥ ክር ይጨመርበታል። አፉ ስስ ስለሆነም ቶሎ ይቀደዳል፤ በኃይል አይጎተትም። አጎቱ የላከው ልክ ይህንኑ ነው። ለደላዌር ምንም አይወጣለትም።

ለእኛ የመጀመሪያ ቀን ግን አልመረጥኩትም። ዝንብ የሚሠራው ዓሣው ሲያየው ነው፤ የክረምት ዓባይ ደግሞ አፈር የተቀላቀለበት ቡና መሳይ ውሃ ነው። ወፍራሙ ክር ወደ ኋላም ስለሚዘረጋ ከጀርባ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ የገደል ሥር ቁጥቋጦ ይህን አይሰጥም። ከሁሉም በላይ መንጠቆው በጆሮና በዓይን አጠገብ እየበረረ ነው የሚያልፈው። ጀማሪ ልጅ ያለ ኮፍያና ያለ መነጽር ሊይዘው አይገባም።

ስለዚህ የደረቀ ሸንበቆ ቆረጥን። ርዝመቱ ልጁ በአንድ እጁ ሊያነሣው የሚችለውን ያህል ብቻ ነው። ናይለኑን ጫፉ ላይ ብቻ አላሰርነውም፤ ከመያዣው ጀምረን በዘንጉ ላይ እየጠመጠምን አወጣነው። ሸንበቆው ቢሰበር ክሩ እጅ ላይ ይቀራል። የክሩ ውፍረት 0.25 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ወፈር ያለ ገመድ ዓሣውን ያስደነግጠዋል። መንጠቆ ስትገዙ ቁጥሩ እንዳያሳስታችሁ፤ በትንንሾቹ መንጠቆዎች ቁጥሩ ከፍ ሲል መንጠቆው ያንሳል። ለቆሮሶ 8 ወይም 10 ቁጥር ጥሩ ነው። ከመንጠቆው ጫፍ ወደ ኋላ የምትመለሰዋን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቋት። አንዳንድ ዓሣ ያመልጥ ይሆናል፤ የልጁ ጣት ላይ ቢሰካ ግን በቀላሉ ይወጣል። ከዚያ ቡሽ፣ ትንሽ እርሳስ፣ ትል ወይም ጠንከር ያለ ሊጥ። ቆሮሶ ይበልጡን በውሃ ውስጥ ያለ አልጌ የሚበላ ዓሣ ስለሆነ ከላባ ዝንብ ይልቅ በሊጥ ይታለላል።

ቦታውንም ቀየርነው። ደሴ እህቴ ዘንድ ስንሄድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ቀጥለን ሐይቅ ከተማ ደረስን። የሐይቅ ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ አለበት፤ ዳሩን የሚያውቁ አጥማጆችም አሉ። ልጄ ከንፈሩን ጣለ። እሱ የፈለገው ዓባይን ነበር። ውሃው ቶሎ ስለሚጠልቅ ከዳር እንዲቆም፣ ጀልባ ላይ ያለ ተንሳፋፊ ጃኬት እንዳይወጣ ነገርኩት። ሁለት ሰዓት ያህል ምንም አልነካለትም። ከዚያ ቡሿ ሰመጠች። እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ የኔም ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቆሮሶ ጀርባው ላይ እሾህ አለው። እጅን ከጭንቅላቱ ወደ ጅራቱ እያንሸራተቱ እሾሁን አስተኝቶ መያዝ ነው። አምባዛ ከሆነ የጎን ክንፎቹ ይወጋሉ፤ ልጅ አይንካው። በሙቀት ዓሣ ቶሎ ይበላሻልና ሆድቃውን እዚያው አውጥታችሁ በጥላ ያዙት። ሦስት ይዘን አንዷን ትንሽ መለስናት። ሁለቱን እህቴ ጠብሳ ሙስሊም ጎረቤቷንም ጠራች። ዓሣ ቢላ የማን ነው የሚባልበት ሥጋ ስላልሆነ ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን።

የአጎቱ ዘንግም ሥራ አልፈታም። ማታ ማታ ቤታችን አጠገብ ባለው መስክ መንጠቆ ሳይኖረው፣ ጫፉ ላይ ቁራጭ የሱፍ ክር ታስሮ እንለማመድበታለን። የቡሄ ጅራፍ ያወቀ ልጅ ግማሹን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ጅራፍ መጮኽ አለበት፣ ይህ መጮኽ የለበትም። ከጮኸ ፈጥነሃል ማለት ነው፤ ዝንቡ ተበጥሶ ይቀራል። ክሩ ከኋላ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ትንሽ መታገሥ ያስፈልጋል።

ዓባይ ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ያኔ ውሃው ጎድሎ ይጠራል። ዳሩን ከሚያውቅ የቆላ ሰው ጋር እንወርዳለን፣ ከውሃው ራቅ ብለን እንቆማለን፣ ወባ ስላለ ሳይመሽ እንወጣለን። ከዚያ በፊት ወረዳው ግብርና ዘንድ ገብቼ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ እጠይቃለሁ። አባቴ፣ የልጁ አያት፣ የአሜሪካኖቹን ዝንቦች አንድ በአንድ አገላብጠው ካዩ በኋላ ከቀይ አውራ ዶሮ ላባ ነቅለው፣ ከነጠላ ጥለት ክር መዘው፣ ሌላ መሥራት ጀምረዋል።