አሠሪውና የነገሠው፦ የደረስጌ ማርያም ሕንፃ ባህላዊ ትርጉም

በንጉሣዊ ሥርዓት የኖሩ ማኅበረሰቦች የአምልኮ ሕንፃን ለጸሎት ብቻ አላነጹም። የቻይና ፓጎዳም ሆነ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የአሠሪውን ሥልጣን ከሩቅ የሚያሳይ ምልክት ነበር። ይሁንና ሕንፃው ከቆመ በኋላ ትርጉሙ የማን ነው? ለዚህ ጥያቄ ከደረስጌ ማርያም የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር በኩል የስሜንን ከፍታ የሚያቋርጠው መንገድ ወደ ጃናሞራ ያደርሳል። ደረስጌ የምትገኘው በዚሁ አገር ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠሩት ስሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሲሆኑ፣ በእርሳቸው አገልግሎት የነበረው ጀርመናዊ ኤድዋርድ ዛንደር በሥራው ተሳትፏል። ሕንፃው የታሰበው ውቤ ራሳቸው ዘውድ እንዲጭኑበት እንደ ነበር ይነገራል። ቀቢ ጳጳስም አላጡም፤ አቡነ ሰላማ እ.ኤ.አ. በ1841 ከግብፅ የመጡት በውቤ ጥረት ነው።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አደረጉ። በቀናት ውስጥም ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ድል አድራጊው ሌላ ደብር አልፈለገም፤ የተሸናፊው ዝግጅት በቂ ነበር።

ይህን የጦር ሜዳ ዕድል ብቻ አድርጎ ማየት ያሳስታል። በኢትዮጵያ ትውፊት የቤተ ክርስቲያን ቅድስና ከድንጋዩ ሳይሆን በመቅደሱ ከሚያድረው ታቦት ይመነጫል። ታቦቱ ከገባ ወዲያ ቤቱ የአሠሪው ንብረት መሆኑ ያከትማል፤ ስለዚህም የውቤ መሸነፍ የደብሩን ክብር አላጎደለም፤ ቅባቱንም አላረከሰም።

የቻይናው ፓጎዳም መነሻው ቅዱስ ዐፅም የሚያርፍበት የቡድሃ እምነት ሕንፃ ነው። የዉዩዌ ንጉሥ ቺየን ቹ በ10ኛው መቶ ዘመን በሃንግዦ የሌይፌንግን ፓጎዳ አሠራ። መንግሥቱን እ.ኤ.አ. በ978 ለሶንግ ሥርወ መንግሥት ቢያስረክብም ፓጎዳው እስከ 1924 ቆሟል። በመጨረሻ የጣለው ጠላት አልነበረም፤ ጡቡ ከደዌ ይጠብቃል ብሎ ያመነ ሕዝብ ከሥሩ እየፈነቀለ ወሰደው። የኢትዮጵያም ምእመን ለፈውስ ከደብሩ ጸበልና እምነት ይወስዳል፤ ግድግዳውን ግን አይነካም።