የሐረር ዘቦች፦ ከጀጎል መንገድ እስከ ማረሚያ ቤት

ሐረር በድሮው ዘመን ሌሊቷን በቁልፍ ታሳልፍ ነበር። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጀጎል ግንብ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥንታዊ በሮቹም አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። በ1855 (እ.ኤ.አ.) ወደ ከተማዋ የገባው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እንደጻፈው፣ ማታ በሮቹ ተቆልፈው ቁልፎቹ ወደ ወቅቱ አሚር ግቢ ይሄዳሉ፤ እስኪነጋ ድረስ ወጪም ገቢም የለም። እግር ብረት የገባላቸው እስረኞችም የሚገኙት እዚያው አሚሩ ግቢ ነበር።

ዛሬ እነዚያ በሮች ማታ አይቆለፉም። ጅቡ ሳይቀር በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ ሌሊቱን በጠባቦቹ መንገዶች ሲዘዋወር ያድራል። የቁልፉን ሥራ የተረከቡት የመንገድና የማረሚያ ቤት ፖሊሶች ናቸው፤ ስለ ሐረር ሲወራ ግን ስማቸው እምብዛም አይነሳም።

በአገራችን ፖሊስ በዘመናዊ ሕግ የተደራጀው ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው፤ የእስር ቤቶች አዋጅ ደግሞ በ1936 ዓ.ም. ተከተለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያደራጁ ሥልጣን ሰጠ። የሐረሪ ክልል ፖሊስም የቆመው በዚህ መሠረት ነው። ክልሉ በቆዳ ስፋት ከሁሉም ክልሎች ትንሹ ቢሆንም ለፖሊስ ቀላል ቦታ አይደለም። ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሶማሌው፣ አርጎባውና ጉራጌው በአንድ ገበያ ይገናኛል፤ ጠብ ሲነሳም በአንድ ቋንቋ ብቻ አይነሳም። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ የቆመ ኮንስታብል ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እያቀያየረ ካልተናገረ ነገሩን ሳይሰማ ሊፈርድ ነው።

ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ ሲገባ መኪና አይረዳውም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማይተላለፍበት መንገድ ፖሊስ የሚሠራው በእግሩ ነው፤ በእግሩ የሚሄድ ፖሊስ ደግሞ ሰው ያውቃል። የትኛው ግቢ ልቅሶ እንዳለበት፣ የትኞቹ ወንድማማቾች በውርስ ቤት እንደተጣሉ የሚሰማው እዚያው ደጃፍ ላይ ነው። የሐረሪ ሰው በሠርግና በሐዘን የሚረዳዳበት አፎቻ አለው፤ ሽማግሌዎቹም ብዙ ጠብ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ያበርዳሉ። ለሽማግሌ የሚተወውን ጉዳይ ከማይተወው መለየት፣ በእኔ እምነት፣ ከየትኛውም የጦር መሣሪያ ሥልጠና የሚበልጥ የፖሊስ ችሎታ ነው። በተለይ ሴት ልጅ ስትደበደብ በሽምግልና ስም ነገሩ እንዳይድበሰበስ የሚያደርግ መኮንን ሐረርን በእውነት ያገለግላል።

ሹዋሊድ ሲደርስ ሥራው ይበዛል። ከዒድ አልፈጥር በኋላ የስድስቱ ቀን ጾም ሲፈታ የሚከበረውና በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ በዓል ሌሊት የሚያሳድር ነው። ከውጭ አገር የመጣው ሐረሪ ሳይቀር በየአዋቹ (በቅዱሳን መቃብሮች) ሲጨፍርና ሲዘክር፣ ዩኒፎርም ለባሹ ከሰው መሀል ቆሞ ያድራል፤ የእሱ ልጆች በዓሉን የሚያከብሩት ያለ እሱ ነው።

የማረሚያ ቤቱ ፖሊስ ሥራ ደግሞ ከነጭራሹ ከሕዝብ ዓይን የራቀ ነው። የመንገዱ ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት፤ የማረሚያው ፖሊስ ግን ከአንዱ ታራሚ ጋር ዓመታት ይቆያል። ጠዋትና ማታ ይቆጥራል፣ ቤተሰብ ያመጣውን ስንቅ ከፍቶ ይፈትሻል፣ የታመመውን ወደ ሐኪም፣ ቀጠሮ ያለውን ወደ ችሎት ያጅባል። በረመዳን ለጾመኛው፣ በዐቢይ ጾም ለክርስቲያኑ ሰዓቱንና ምግቡን ማስተካከልም አለ። ምግብ ይዛ በር ላይ የቆመች እናት መንግሥትን የምታውቀው በዚያ ፈታሽ ፊት ነው፤ ቢያመናጭቃት መንግሥት አመናጨቃት፣ “እማማ፣ ይቀመጡ፣ እጠራዋለሁ” ቢላት መንግሥት አከበራት።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ታራሚ ሰብአዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ፣ ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዱ፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር እንዲገናኝ ይደነግጋል። አንቀጹ በተግባር የሚኖረው ወይም የሚሞተው በዝቅተኛ ደመወዝ በሌሊት ፈረቃ በሚያድር ሰው እጅ ላይ ነው። ስለዚህ የሚደበድበውን ባልደረባ መሸፈን ለሙያው መቆርቆር ተብሎ ሊቆጠር አይገባም፤ በሕግ የሚሠራውን መበደል ነው።

ለእነዚህ ፖሊሶች በመድረክ ላይ ሜዳሊያና የምስክር ወረቀት መስጠት መልካም ነው። ሐረር ግን ከዚያ የቀረበ አቅም አላት። ሠላሳ ዓመት አገልግሎ ጡረታ የወጣውን ሳጅን የሠፈሩ ሰዎች በአፎቻው መሀል ጠርተው ሊያመሰግኑት፣ በሥራ ላይ የሞተውን ፖሊስ ልጆች ትምህርት ሊከታተሉላቸው፣ የማረሚያ ቤቷን ፈታሽ ሴት በሹዋሊድ ማግስት ቡና ሊጠሯት ይችላሉ። ለዚህ የማንንም ደብዳቤ መጠበቅ አያስፈልግም።