ፓኔቶኔ፦ የሚላኖ የገና ዳቦና ሕግ ያልቆጠረው ሰዓት

ፓኔቶኔ ከሚላኖ የወጣ፣ ዘቢብና በስኳር የበሰለ የብርቱካንና የትርንጎ ልጣጭ የሚገባበት የገና ዳቦ ነው። ስለ አመጣጡ ብዙ ይተረታል። ቶኒ የተባለ የወጥ ቤት ልጅ፣ ለመስፍኑ ሉዶቪኮ ስፎርዛ ግብር የተሠራው ጣፋጭ ሲያርር በምትኩ ጋገረው፤ «የቶኒ ዳቦ» ተባለ ይላሉ። ታሪኩ ያምራል፤ ማስረጃ ግን የለውም። «ፓኔቶ» ትንሽ ዳቦ ማለት ሲሆን፣ «ኦኔ» የሚለው ቅጥያ ያገዝፈዋል። ረጅም ቁመናውም ቢሆን ጥንታዊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1919 ሚላኖ ውስጥ ሥራ የጀመረው አንጄሎ ሞታ፣ ሊጡን በወረቀት ከቦ ሽቅብ እንዲነሣ ካደረገ በኋላ የተስፋፋ ነው።

የዳቦው ምሥጢር ያለው ሊጡ ውስጥ ነው። ስኳር ውሃውን ከእርሾው ይሻማል፤ ቅቤ ደግሞ ሊጡን የሚያያይዙትን የግሉተን ክሮች ይለብሳቸዋል። ስለዚህ ጋጋሪው ጣሊያኖች «እናት እርሾ» የሚሉትን ደጋግሞ በዱቄት ይመግባል፤ ሊጡን በሁለት ዙር ያቦካል፤ የመጀመሪያውንም ሌሊቱን ሙሉ ያሳድራል። እናት እርሾ እንደ እኛ የእንጀራ እርሾ ቀጭን ፈሳሽ ሳይሆን ጠጠር ያለ ሊጥ ነው፤ ኮምጣጣነቱም ሻጋታን ያዘገያል። ዳቦው ከምድጃ ሲወጣ ውስጡ ገና ለስላሳ በመሆኑ እንዳይሰምጥ፣ ግርጌው በብረት ዘንግ ተወግቶ ቁልቁል ተሰቅሎ ይቀዘቅዛል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የጣሊያን ድንጋጌ በዚህ ስም የሚሸጥ ዳቦ ቢያንስ 16 በመቶ የቅቤ ስብ፣ 20 በመቶ ዘቢብና የፍሬ ልጣጭ፣ 4 በመቶ የእንቁላል አስኳል እንዲኖረው ያዛል። በእናት እርሾ እንዲቦካም ያስገድዳል። ማርጋሪንን ከዚህ ስም ማራቁ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ሕጉ ቅቤውን ይመዝናል እንጂ ሰዓቱን አይቆጥርም። በዚህም የተነሣ በገና ሰሞን ትልልቅ መደብሮች ገበያተኛ ለመሳብ በርካሽ የሚያቀርቡት ዳቦና ኬክ ቤቱ ብዙ እጥፍ የሚያስከፍልበት ዳቦ በአንድ ስም ይጠራሉ። የዋጋውን ልዩነት በአመዛኙ የሚፈጥረው የሥራው ሰዓት ነው፤ ይህም በማሸጊያው ላይ አይጻፍም።

ሚላኖዎች ግን አንድ የቆየ ልማድ አላቸው። ከገናው ዳቦ ቁራሽ አስቀምጠው፣ ፌብሩዋሪ 3 በሚውለው የቅዱስ ቢያጆ በዓል ጉሮሮን ከሕመም ይጠብቃል ብለው ጠዋት ይበሉታል። ከገና እስከዚያ ዕለት 40 ቀን ነው።