ነፋስ ሲያርፍ የምትወጣዋ ዝንብ

ግራ ጉንጬ ላይ የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያለው ጠባሳ አለ። አዲስ አበባ እንደመጣሁ ሰሞን ጓደኞቼ «እሳት ነው?» ሲሉኝ «አዎ» እያልኩ አልፋቸው ነበር፤ ማስረዳቱ ይሰለቸኛል። እኛ ላይ ጋይንት ቁንጭር ነው የምንለው። በልጅነቴ ዓመት ከመንፈቅ ፊቴ ላይ ተቀምጦ፣ እናቴ ጠበሉንም ቅጠሉንም ሞክራበት፣ በመጨረሻ በራሱ ጊዜ ደርቆ የሄደ ቁስል ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምት የስምንት ዓመት ልጄን ወደ አያቷ ላክኋት። የእናቴ ቤት ከንፋስ መውጫ ከተማ ቁልቁል ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ከሚያስኬድ ቀበሌ፣ ከገደል ሥር ነው። ልጅቱ ለጳጉሜን ስትመለስ ወፍራ፣ ጠቁራ፣ «እናቱዋ» ማለት ለምዳ ነበር። ደስ አለን።

ኅዳር ላይ ከአፍንጫዋ አጠገብ አንዲት ቀይ ጉብታ ወጣች። አታሳክክም፣ አታምም። ከፋርማሲ ቅባት ገዛን። አንዱ ቦታ የትንኝ ንክሻ ነው አሉን፣ ሌላው ቦታ ፈንገስ ነው ብለው ሌላ ቅባት ሰጡን። ጥር ሲገባ ጉብታዋ ሰፍታ፣ መሐሏ ቅርፊት ይዞ፣ ዳሯ እንደ ቀለበት ከፍ ብሎ ነበር። እኔ ያን ቁስል በየቀኑ መስተዋት ውስጥ ሳየው የኖርኩ ሰው፣ ልጄ ፊት ላይ ሲመጣ አላወቅሁትም። ይህን ስጽፍ አሁንም ያፍረኛል።

ያወቀችው እናቴ ናት። ወንድሜ በስልኩ ፎቶውን አሳያት። «ይኸማ ቁንጭር ነው፤ ያንተው ነው» አለችኝ። ከዚያ ዝም አለች። ቆይታ፣ «እኔ ቤት ነው የያዛት። ከእንግዲህ እንዳትልክብኝ» ብላ ስልኩን ለወንድሜ መለሰችለት።

የቆዳ ሐኪሙ ከቁስሉ ዳር ትንሽ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ካስመረመረ በኋላ የእናቴን ቃል አጸደቀው። እኔ ግን ከሕክምናው ይልቅ ያቺ የስልክ ዝምታ አላስተኛ አለችኝ። በእናቴ ቤት ጥፋት ካለ የማን ጥፋት ነው? ይህን ለማወቅ ስል ስለ አንዲት ነፍሳት ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብና ሐኪሞችን መጠየቅ ጀመርኩ።

«የአሸዋ ዝንብ» ትባላለች። ስሟ ያሳስታል። የምትኖረው በአሸዋ ውስጥ አይደለም፤ ዝንብ ስትባልም ቤታችን የምናውቃት ዝንብ እንዳትመስላችሁ። ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጸጉራም ናት፤ ስታርፍ ክንፎቿን እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ትይዛለች። እንደ ትንኝ ጆሮ ሥር አትጮህም። እንደ ትንኝም ውኃ ላይ አትራባም፤ ስለዚህ ለወባ ብለን ያቆረ ውኃ ብናፋስስ ለእሷ ምኗም አይደለም። እንቁላሏን የምትጥለው እርጥበት ባለው፣ ቅጠልና ፋንድያ በበሰበሰበት አፈር ላይ ነው፤ በዋሻ ውስጥ፣ በድንጋይ ንቃቃት፣ በከብት ማደሪያ ጥግ። ትሏም ያንኑ ብስባሽ እየበላች ታድጋለች።

ደም የምትጠጣው ሴቷ ብቻ ናት፤ ለእንቁላሏ ነው። አጠጣጧ ራሱ ከትንኝ ይለያል። ትንኝ ቀጭን መርፌ ሰክታ ከደም ሥር ትመጥጣለች፤ ይህቺ ግን ቆዳውን ቀድዳ ደሙ ሲያቋር ካቆረው ትጠጣለች። የቁንጭሩ ጥገኛ ተህዋሲ ያለበት እንስሳ ደም ከጠጣች ተህዋሲው በሆዷ ውስጥ ለቀናት ይራባል፤ እየበዛ ሄዶም ጉሮሮዋን እስከ መዝጋት ይደርሳል። ያኔ ዝንቧ እንደ ልቧ መጠጣት ያቅታታል፤ ስላልጠገበች ደጋግማ ትነክሳለች፤ በነከሰች ቁጥር ጉሮሮዋን የዘጋውን እየተፋች ትሄዳለች። አንድ ልጅ ፊት ላይ ሁለትና ሦስት ቁስል የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ታዲያ የታመመው እንስሳ ማን ነው? ሽኮኮ ነው! የከተማ ልጆች ሽኮኮ ሲባሉ ዛፍ ላይ የሚሮጠው ጭራ ረጅሙ ይመጣባቸዋል። እኔ የምለው ጭራ የሌለውን፣ ጠዋት ጠዋት ገደል አፋፍ ላይ ተደርድሮ ፀሐይ የሚሞቀውን ነው። በወሎ ኩታበርና በጋሞ ኦቾሎ ከሃምሳ ዓመት በፊት የተሠሩ ጥናቶች ተህዋሲውን ከሽኮኮዎች አግኝተዋል። ሽኮኮው እምብዛም ሳይታመም ይሸከመዋል፤ ዝንቧም እዚያው እሱ በሚያድርበት ንቃቃት ውስጥ ትውላለች። በእንዶድ ምርምራቸው የምናውቃቸው ዶክተር አክሊሉ ለማም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ደጋው ቁንጭር ጥናት አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 ተህዋሲው «ሌሽማኒያ ኤቲዮፒካ» ተብሎ በአገራችን ስም ተጠራ። በስማችን ከተጠሩት ነገሮች ሁሉ ይህን ባንኩራራበት ይሻላል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የነፋሱ ነገር ነው። የአሸዋ ዝንብ ደካማ በራሪ ናት፤ እየዘለለች ነው የምትሄደው ማለት ይቀላል። ከተራባችበት ቦታ ብዙም አትርቅም፤ ትንሽ ነፋስ ከነፈሰ ጨርሶ አትወጣም። ንፋስ መውጫ ከተማ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጉና ተራራ አቅራቢያ ነፋስ እየገረፋት የምትኖር ናት፤ ስሟም ይመሰክራል። ቁንጭርን የሚያስተላልፉት ዝንቦች የሚመቻቸው ከ1400 እስከ 2700 ሜትር ገደማ ያለው ከፍታ ነው። ከከተማዋ ወደ ሸለቆው ሲወርዱ፣ ገደሉ ነፋሱን የሚጋርድበትና ሽኮኮ የሚበዛበት ቦታ ላይ የእናቴ ቤት አለ። ዝንቧ ቀን በንቃቃቷ ትውልና ፀሐይ ጠልቆ ነፋሱ ሲያርፍ ትወጣለች። ያቺ ሰዓት ልጆች ከብት አስገብተው ደጅ የሚጫወቱባት፣ አያቶች ደጃፍ ተቀምጠው እንዝርት የሚያሾሩባት ሰዓት ናት። ልጄ ያን ክረምት በየምሽቱ የት እንደነበረች አውቃለሁ፤ አያቷ እግር ሥር፣ ደጃፉ ላይ።

ከንክሻው እስከ ጉብታው ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም ወራት ያልፋሉ። ለዚህ ነው ክረምቱ ተረስቶ ኅዳር ላይ «ምን ነክቷት ይሆን?» የምንለው። አብዛኛው ቁስል በራሱ ይድናል፤ ግን ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል፣ ጠባሳውም የዕድሜ ልክ ነው። ለሴት ልጅ ጠባሳው በትዳር ወሬ ላይ ሳይቀር እንደሚነሳ አገራችንን የሚያውቅ ያውቃል። ከዚህ የሚከፋም አለ፦ ወደ አፍንጫ ውስጥና ወደ ከንፈር የሚዘልቅ፣ አልፎ አልፎም መላ ሰውነት ላይ ወጥቶ ሥጋ ደዌ የሚመስል። አፍንጫ አጠገብ የወጣ እንደ ልጄ ያለውን «ይድናል» ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። በመነካካትና አብሮ በመብላት ግን አይተላለፍም፤ ቁስለኛ ልጅ ከጨዋታ አይለይ። ሕክምናውም አለ፤ አዲስ አበባ አለርት፣ ደሴ ቦሩ ሜዳ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በዚህ ይታወቃሉ። ለልጄ በየሳምንቱ በቁስሉ ዙሪያ መርፌ ተወጋላት። ያማል፤ አልዋሽም። እጄን ነክሳኛለች። መጋቢት መጨረሻ ላይ ግን ደረቀ።

ለፋሲካ ሁላችንም ጋይንት ወረድን። እናቴ ልጅቱን አገላብጣ ሳመቻትና የጠባሳዋን ቦታ በጣቷ ነካች። ምንም አላለችም። ከጾም ፍቺው በኋላ ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ሽኮኮው፣ ስለ ንቃቃቱ፣ ስለ ነፋሱ። ስሰማት የነበረው ዝምታ አሁንም አለ። በመጨረሻ፣ «እንግዲህ ገደሉን አላፈልሰው» አለች።

«ገደሉን ተይው፤ የግድግዳውን ስንጥቅ ግን እንድፈነው» አልኳት። ዝንቧ በተሰነጠቀ ግድግዳም ትውላለች፤ የእናቴ ጓዳ ግድግዳ ደግሞ እጅ ያስገባል። የእበቱ ቁልል ከጓሮ በር ሥር ነበር፤ ራቅ አድርገን አዛወርነው። ይዤላት የሄድኩት አጎበር በመድኃኒት የተነከረ ነው፤ ዝንቧ ትንሽ ስለሆነች ባልተነከረ አጎበር ቀዳዳ ሾልካ ታልፋለች።

ጎረቤታችን ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ሊሄድ መሆኑን የነገሩኝም የዚያኑ ቀን ነው። ቆላው ሌላ ጉድ አለው። እዚያ ያለችው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጠቀ ዋልካ አፈር ውስጥና በግራር አካባቢ የምትኖር ናት፤ የምታስተላልፈውም ካላዛር ወደ ጣፊያና ጉበት የሚገባ፣ ካልታከመ የሚገድል ነው። በ1997 ዓ.ም. እዚሁ ደቡብ ጎንደር፣ ሊቦ ከምከም ላይ ተነስቶ መጀመሪያ ወባ ሲመስል ብዙ ሰው ጨርሷል። ለልጁ ሌሊት ግራር ሥር ሜዳ ላይ እንዳይተኛና ሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት ከያዘው እንዲመረመር አደራ አልኩት። ሳቀና «እሺ ጋሼ» አለኝ። የሚሰማኝ አልመሰለኝም።

በማግስቱ ጭቃ በጭድ አቡክተን ግድግዳውን መረግን። ልጄ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና ስንጥቅ ስትደፍን ዋለች። እናቴ ቆማ ስታያት ቆይታ፣ «ለክረምት ላካት» አለችኝ፤ «ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን እቤት ትገባለች፤ ብታለቅስም ትገባለች።» ልጅቱ ከምድጃው በላይ ያለችውን አንዲት ስንጥቅ እንሽላሊት ትኖርባታለች ብላ ሳትደፍናት ትታት ነበር። ስንሄድ እናቴ ጭቃ ይዛ ወደዚያች ጥግ ስትገባ አየኋት።