ባዶውን የጀርመኒየም ኳስ የሚያጸናው አቶም

60 የካርቦን አቶሞች ተያይዘው ውስጡ ባዶ የሆነ ኳስ እንደሚሠሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ጀርመኒየም በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ ከካርቦን ሥር፣ በዚያው ዓምድ ይገኛል፤ እንደ ካርቦን ሁሉ 4 የውጭ ኤሌክትሮኖች አሉት። ሆኖም ለብቻው እንዲህ ያለ ኳስ ሠርቶ አይጸናም። አቶሙ ትልቅ ስለሆነ ካርቦን በቀላሉ የሚፈጥረው ድርብ ትስስር ይደክምበታል፤ ኤሌክትሮኖቹ አጣማጅ ያጣሉ፤ ኳሱም ይጨማደዳል።

መላው መሀሉ ላይ አንድ የብረታ ብረት አቶም ማስገባት ነው። ለዚህ ከሚታጩት መካከል ብርቅዬ የምድር ማዕድናት የሚባሉት 17 ንጥረ ነገሮች ይገኙበታል። እኔን ከሁሉ የሚስበኝ ጋዶሊኒየም ነው። ያልተጣመሩ 7 ኤሌክትሮኖቹ በአቶሙ ውስጥ ጠልቀው ስለሚኖሩ በትስስሩ ብዙም አይሳተፉም፤ ስለዚህ በጀርመኒየም ቢከበብም ማግኔትነቱን ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ግን አቶሞቹ በምን ቅርጽ ይደረደራሉ? ኮምፒውተር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የሚፈለገው ኃይሉ ከሁሉ ያነሰው ቅርጽ ሲሆን፣ ፍለጋው ጉም በሸፈነው ተራራማ አገር ከሁሉ ዝቅ ያለውን ሸለቆ እንደመፈለግ ነው፤ አንዱ ሸለቆ ግርጌ የደረሰ ሰው ከጋራው ጀርባ የባሰ ጥልቅ አለመኖሩን በምን ያውቃል? ስለዚህ ፕሮግራሞቹ እጅግ ብዙ ቅርጾችን ያመነጫሉ፣ ደካማውን ይጥላሉ፣ የተሻሉትን እርስ በርስ ያዳቅላሉ።

የየቅርጹ ኃይል የሚሰላው ዋልተር ኮን እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 ከባልደረቦቹ ጋር መሠረቱን በጣለው ስልት ነው። ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ ከመከታተል ይልቅ በየቦታው ምን ያህል እንደሚታጨቁ ማወቅ እንደሚበቃ አሳይቶ በ1998 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተሸልሟል። ችግሩ፣ ከቀመሩ አንዱ ክፍል በግምት የሚሞላ መሆኑ ነው። ከብርቅዬዎቹ ማዕድናት ብዙዎቹ ያሏቸው ጥልቅ ኤሌክትሮኖች ይህን ግምት ክፉኛ ይፈትኑታል፤ ሁለት የተለያዩ ግምቶች ሁለት የተለያዩ ቅርጾችን ሊመርጡ ይችላሉ።

ስለዚህ ስሌት ብቻውን አያሳምነኝም። በቤተ ሙከራ ሌዘር ጀርመኒየሙንና ብረቱን ያተናል፤ እንፋሎቱ በሂሊየም ጋዝ ቀዝቅዞ ክላስተር የሚባል ጥቃቅን የአቶም ስብስብ ይሆናል። ከዚያ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸው ክላስተሮች በክብደታቸው ተለይተው በሌላ ሌዘር ይመታሉ፤ የሚያመልጠው ኤሌክትሮን ኃይል ይለካል። ተመራማሪው ይህንኑ ልኬት ለየቅርጹ በስሌት አውጥቶ የትኛው እንደሚገጥም ያያል።

ከጥናቶቹ የሚወጣው ሥዕል ይህ ነው፦ ጀርመኒየሙ ጥቂት ሲሆን ብረቱ ውጭ ይለጠፋል፤ ሲበዛ ግን ይከብበዋል። ለምሳሌ 16 ጀርመኒየም 64 ኤሌክትሮን ያዋጣል፤ ከብርቅዬዎቹ አንዱ የሆነው ስካንዲየም 3፤ ኔጋቲቭ ቻርጁ 1። ድምሩ 68 ነው፤ የኤሌክትሮን እርከኖቹን ሞልቶ የሚዘጋ ቁጥር።

ይህ መስክ ውድ ቤተ ሙከራ ለሌለው የኬሚስትሪ ተማሪም ክፍት ነው። ሲፒቱኬን የመሰሉ የስሌት ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ፤ በጃፓን የኬዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልኬቶቻቸውን አሳትመዋል። በትንሽ ክላስተር ጀምሩ፤ ያገኛችሁትንም ከታተመው ልኬት ጋር አስተያዩት።